አንዲት የቀረች ቲኬት

የእስቴው ግንበኛ አለበል ሰው ማስቀደም የማይሰለቸው ሰው ነበር። ትዳር የያዘው እንኳ ታላቅ ወንድሙ እስኪያገባ ጠብቆ ነው። ወንድምየው ደግሞ ሴት ሲያማርጥ የሚውል ሆነና፣ አብሮ አደጎቹ ልጆቻቸውን ክርስትና ሲያስነሱ አለበል ገና እናቱ ቤት ነበር። ወፍጮ ቤት ይሄድና "ይቅደሙ እማማ"፣ "ይለፉ አባቴ" ሲል ውሎ እህሉን ሳያስፈጭ ይመለሳል። ድግስ ላይማ ተዉት! ሰው ሁሉ እስኪቀመጥ በር ላይ ቆሞ ቆሞ፣ ወጡ ሲያልቅ ይገባል። ሚስቱ አልጣሽ፣ "አስቀድም፣ ግድ የለም፤ ብቻ ሞት ሲመጣ ጎረቤት እንዳታስቀድም" እያለች ትስቅበት ነበር።

እጁ ግን ወርቅ ነበር። እሱ የካበውን አጥር በሬ ቢታከከው እንኳ አይነቃነቅም። ያልሆነለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅስት። ያጥቢያው ሰው ለደብሩ ደጀ ሰላም አናቱ እንደ ቀስት የጎበጠ፣ የድንጋይ ቅስት ያለው በር ይሠራ ብሎ አለበልን መረጠ። ሠራው፤ ወደቀ። ደግሞ ሠራው፤ በክረምቱ ወደቀ። የሁለተኛው ጊዜማ ምን ይወራል፣ አንድ ዲያቆን ከሥሩ ካለፈ ገና ሦስት እርምጃ አልተራመደም ነበር። የደብሩ አለቃ፣ አለቃ አያሌው፣ ሰው በተሰበሰበበት ጠሩት።

"ስማ ልጄ፤ ደግሞ አንድ ጊዜ ሞክር። ለሦስተኛ ጊዜ ከወደቀ ግን የቤተ ክርስቲያን ድንጋይ በእጅህ እንዳትነካ" አሉት።

ይህ ለሌላ ሰው ቁጣ ነው። ለግንበኛ ግን ሞት ነው! ከዚያ ወዲያ ማን ና ገንባልኝ ይለዋል?

ጎንደር ያለው የነገሥታት ግንብ ቅስቱ ይህን ሁሉ ዘመን እንዳልወደቀ አለበል ሰምቶ ነበር። ሄጄ በዓይኔ ዓይቼ እመጣለሁ አለ። እህሉን ከአውድማ አስገባና ጥምቀት በዋለ ማግስት ተነሳ። እስከ ደብረ ታቦር በእግሩ ሄደ፤ ከደብረ ታቦር ደግሞ የጭነት መኪና ላይ ወጥቶ፣ ጆንያ ላይ ሲንገጫገጭ ጎንደር ገባ። ወገቡ ተቆረጠ፤ እግሩ አበጠ። መኪናው የሚመለሰው በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ነው። ያ ካመለጠው ሌላ መቼ እንደሚገኝ እግዜር ይወቅ።

በነጋታው ግንቡ በር ላይ ቢደርስ ሰው እንደ ጉድ ተሰልፏል። ለበዓሉ የመጣው ባላገር ሁሉ ግንቡን ሳላይ አልመለስም ብሎ ኖሯል። አለበል ሰተት ብሎ ሊገባ ሲል ዘበኛው መለሰውና ትንሿን መስኮት አሳየው፤ እዚያ በስሙኒ ቲኬት ካልቆረጡ አይገባም። ጉድ ነው! ቤተ ክርስቲያን እንኳ ደጁን ተሳልመው ይገቡ የለ? ምን ያድርግ፣ ስሙኒውን በጨርቅ ቋጥሮ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ።

ቲኬት ቆራጩ ኮት የለበሰ ወጣት ነው። "በቀን የምሸጠው የተቆጠረ ነው፤ ፎቁ ብዙ ሰው አይችልም" እያለ ይጮሃል። አለበል ግን ልማዱ መቼ ይለቀዋል! ልጅ ያዘለች ሴት ከኋላው ስትመጣ "እለፊ እህቴ" አላት። ቄስ መጡ፤ መስቀላቸውን ተሳልሞ አሳለፋቸው። ሁለት ፈረንጆች መጡ፤ እንግዳ እንዴት ከኋላ ይቆማል? ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ መጡ፤ ቀጥሎ የሽማግሌው ዘመዶች። የሚያስቀድመው ሰው ሲያልቅ ቲኬቱም አለቀ። መስኮቱ ፊቱ ላይ ድርግም አለ።

ሁለተኛውን ቀን ምን አወራላችኋለሁ፣ ያው ነው። ልዩነቱ ቄሶቹ ሦስት መሆናቸው ነው። ማታ ባረፈበት ቤት ያበጠ እግሩን ሲታጠብ ድካሙ ከአጥንቱ ድረስ ተሰማው፤ በራሱም ተናደደ። ነገ ሰማይ ቢወድቅ ማንንም አላስቀድም ብሎ ማለ።

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ሄደ። ምን ዋጋ አለው፣ እዚያው ያደረ ሰው ቀድሞታል። ማንንም እንዳያይ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። ሕፃን ሲያለቅስ ሰማ፤ ዝም አለ። መቋሚያ ድንጋይ ላይ ሲንኳኳ ሰማ፤ ዝም አለ። እንዲህ እያለ ከመስኮቱ ደረሰ።

"እድለኛ ነዎት ጋሼ፤ አንዲት ቀርታለች" አለው ቲኬት ቆራጩ።

ያን ጊዜ ከኋላው፣ "አዬ! አለቀች?" የሚል የደከመ ድምፅ ሰማ። ዞር ቢል መቋሚያ የተደገፉ ሽማግሌ ናቸው።

"ከሲማዳ ነው የመጣሁት ልጄ" አሉት፤ "ስድስት ቀን በእግሬ። ሳልሞት የነገሥታቱን አዳራሽ ልየው ብዬ ነበር፤ ስንቄ አለቀና ዛሬውኑ ተመላሽ ነኝ።"

አስቀድመኝ አላሉትም። አለበል ዲያቆኑ ትዝ አለው፤ የአለቃ አያሌው ቃል ትዝ አለው፤ የቀትሩ መኪና ትዝ አለው። "ይቅደሙ" የምትለው ቃል ምላሱ ላይ ደርሳ ነበር፤ ዋጣት። ስሙኒውን ሰጥቶ ቲኬቷን ተቀበለ። ጆሮው እስኪግል ድረስ አፈረ።

"እሰይ ልጄ፣ ይቅናህ" አሉት ሽማግሌው። ቢሰድቡት በተሻለው!

ገባ። ከመጀመሪያው ቅስት ሥር ቆመና አንጋጠጠ። በስንዝር ለካ፤ የድንጋዮቹን መጋጠሚያ በጣቱ ዳበሰ፤ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ አየ፤ ተመልሶ ደግሞ ለካ። አንዱ ሠራተኛ "ጋሼ፣ ወደ ውስጥ አይዘልቁም?" ቢለው "ቆይማ!" አለው። በመጨረሻ ተገለጠለት። ጥፋቱ እሱ ሲያስብ እንደኖረው ከአናቱ ድንጋይ አልነበረም። ቅስት ግራና ቀኙን ይገፋል፤ እነዚያ የጥንት ግንበኞች ጎንና ጎኑን አወፍረው ነው የያዙት። እሱ ደግሞ ድንጋይ ለመቆጠብ ሲል ጎኑን አቅጥኖታል። "ወይኔ! ሁለት ዓመት ሙሉ!" አለ፤ ከደስታው ብዛት እንባው መጣ። ቀና ቢል ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ነው፤ እየሮጠ ወጣ።

ሽማግሌው አልሄዱም። ከግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲጠብቁት ቆይተዋል።

"ና ልጄ፣ አረፍ በል" አሉት፤ ፊታቸው በራ። "በል ንገረኝ፤ ባንተ ዓይን ልየው። አዳራሹ እንዴት ያለ ነው?"

አለበል ክው አለ። ሊዋሽ አሰበ፤ አልሆነለትም።

"አላየሁትም አባቴ።"

"ሰገነቱስ?"

"እሱንም አላየሁም። ግንበኛ ነኝ፤ የቆየሁት በሩ ሥር ነው። የበሩን ድንጋይ ብቻ ነው ያየሁት።"

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት። አልተቆጡም። "በል ይሁን" አሉና መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ። ደግሞ ስድስት ቀን ይቀራቸዋል። አለበልም ለቀትሩ መኪና ደርሶ፣ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ወደ አገሩ ተመለሰ።

በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ደጀ ሰላሙን ሠራ። ክረምቱ መጣ፣ ክረምቱ ወጣ፤ ቅስቱ ንቅንቅ አላለም። አለቃ አያሌው በሕዝብ ፊት መረቁት፤ ከጋይንት ድረስ እየመጡ ና ገንባልን ይሉት ጀመር። ታዲያ በየድግሱ ሰው ይከበውና "እስቲ የነገሥታቱን አዳራሽ አጫውተን፤ ገብተህ ያየኸው አንተ ነህ" ይለዋል። አለበል አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። ሰዉም "አቤት ትሕትናው!" ይላል።