የበዓል ቀን ጭረቶች

ዳንግላ ውስጥ ድንጋይ እየሞረድሁ ኳስ የማደርግ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ከእኔ በፊት የሞከረው ካለም ብልህ ስለነበር ለማንም አልተናገረም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ ለምን ይጠቅማል? ለምንም አይጠቅምም እላለሁ፤ ይከፋዋል። ለመድኃኒት ነው ብል ያምነኛል፤ ለፈረንጅ እሸጠዋለሁ ብል ያከብረኛል። መንፈስ ያረጋጋል የሚሉኝም አሉ። እነዚህ ሞተሩን ሰምተውት አያውቁም።

ሥራው ለመናገር ቀላል ነው። ድንጋዩን በግራይንደር ቆርጦ ማዕዘኖቹን ማንሳት፣ ከዚያ አፉ ከድንጋዩ ጠበብ ባለ የብረት ቱቦ ቁራጭ ላይ ማስቀመጥ። ቁራጩን ኩባያ እለዋለሁ። አንዱ ኩባያ ከታች በሞተር ይሽከረከራል፤ ሌላው ከላይ ድንጋዩን ይጫነዋል። ውሃና የመፍጫ ዱቄት በመካከላቸው ይገባል፤ ድንጋዩ ባሻው በኩል እየተገላበጠ ጉብታው ሁሉ ይበላል። ዱቄቱ መጀመሪያ እንደ ጨው ሻካራ ነው፣ በመጨረሻ እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ። ሕጉ አንድ ነው፦ ጭረት ከተገኘ ወደ ሻካራው ዱቄት መመለስ። በተመለሱ ቁጥር ደግሞ ድንጋዩ ያንሳል።

ሁለት ሞተር ነበረኝ፤ አንዱ ለታችኛው ኩባያ፣ ሌላው ለላይኛው። አንድ ቀን የጠፋው መብራት በኃይል ተመልሶ መጣና የላይኛውን አቃጠለው። ሚስቴ ወደ ባሕር ዳር ከሄደች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚንቀሳቀሱት እነዚያ ሁለት ሞተሮች ነበሩና ኀዘኔ ለዕቃ ከሚገባው በላይ ሆነ። ከዚያ በኋላ የላይኛውን ኩባያ በእጄ መያዝ ነበረብኝ።

ጎረቤቴ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው፤ ሊቆጡኝ። ዕድሜ ልካቸውን ጋሪ የነዱ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ ሚስታቸው አረፉ፣ ከዚያ ባጃጅ ሥራቸውን ወሰደባቸው፣ ከዚያ ፈረሳቸው አርጅቶ ሞተ። ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የሚያወሩት፤ ድምፃቸው የሚሰበረው ግን ፈረሱ ላይ ሲደርሱ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ምንድን ነው የምትፈጨው? ወፍጮ ቤት ከፈተ እንዳልል እህል ይዞ የሚመጣ ሰው አላይ» አሉኝ በሩ ላይ ቆመው።

«ድንጋይ ነው አባባ።»

«ድንጋይነቱንማ ጥርሴ ነገረኝ። ምን ልታደርገው?»

«ኳስ።»

በትከሻዬ ላይ አሻግረው ቤቱን ቃኙ። «ልጅ እንኳ የለህ» አሉ።

እሳቸው ፊት ልሠራ ስሞክር፣ በአንድ እጄ ውሃ እያፈሰስሁ በሌላው ኩባያውን ስጫን፣ ድንጋዩ ተፈናጥሮ ግድግዳ መታ። ሽማግሌው ከጥግ አንስተው አመጡትና በርጩማዬን ወሰዱብኝ። «አንተ ውሃህን አፍስስ» ብለው ኩባያውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ልጓም የለመደ እጅ ነው፤ ሳይጨንቅም ሳይለቅም ይይዛል። ድንጋዩ ሲያንገራግር በአገውኛ ያባብሉት ጀመር። ለፈረሱ ይሉት የነበረው እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ መጡ። ብዙ አናወራም፤ ሞተሩ አያስወራም። ብቸኝነትን የሚያስረሳው ጨዋታ ነው ይባላል። እኔ ግን በሕይወቴ ከሁሉ ይበልጥ ብቻዬን የሆንሁት ሰው ከቦኝ ሲጫወት ነው። ሁለት ሰው ለሦስተኛ ነገር አጎንብሶ አንዱ የሌላውን ፊት ሳያይ ሲውል ነው የሚቀለኝ። እውነቱን ለመናገር ውሃ ለማንጠባጠብ ሰው አያስፈልግም ነበር። የላስቲክ ጠርሙስ ታቹን በምስማር በስቶ ከላይ ማንጠልጠል ይበቃል፤ ኩባያውን እኔው እይዘው ነበር። ይህን ከመጀመሪያው ቀን አውቀዋለሁ። ጠርሙሱም ምስማሩም ቤት ውስጥ ነበሩ።

አብረን የጀመርነው ድንጋይ ከዘንገና ሐይቅ ዳር ያመጣሁት ነው፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ አረንጓዴ ነጠብጣብ ያለበት። ማሳው ዳር ከከመረው ካብ ውስጥ አንድ ልውሰድ ብዬ ስጠይቀው ገበሬው «ሁሉንም ውሰድልኝ» ብሎ ነበር። ኳስ ሲሆን ትልቅ ብርቱካን አከለ።

በበዓል ቀን ግን ሽማግሌው ኩባያ አይነኩም። የመጀመሪያው ሚካኤል ዕለት ተከራከርኋቸው።

«አባባ፣ ይኼ እኮ ሥራ አይደለም። ሥራ የሚባለው ጥቅም ያለው ነው።»

«ጥቅም ከሌለውማ በአዘቦቱም ኃጢአት ነው።»

ያን ዕለት ሞተሩን አጠፋሁ። በኋላ ራሳቸው መላ አመጡ፦ መፍጨት የተከለከለ ነው፣ ማየት ግን አልተከለከለም። ስለዚህ በበዓል ቀን በሩ ላይ ተቀምጠን ድንጋዩን በብርሃን እያገላበጥን ጭረት እንፈልጋለን። የአገራችንን በዓላት ብዛት የሚያውቅ ሰው ከፈጨንበት ቀን ያየንበት ቀን እንደማያንስ ይገባዋል።

በክረምቱ ጭቃ አንሸራትቷቸው ግቢያቸው ውስጥ ወደቁ። ወተት የምታመጣላቸው ሴት እስክትደርስ ዝናብ ላይ ተጋድመው ቆዩ። አዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል የምትነግድ ልጅ አለቻቸው። ያን ዕለት እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ደወለች፤ ጆሯቸው ስለደከመ ስልኩ የሚጮኸው ለሁለታችንም ነው። እኔ ዘንድ ካልመጣህ ትላለች።

«እመጣለሁ አልሁ እኮ! የጀመርነው ድንጋይ አለ። እሱ ሲያልቅ እመጣለሁ።»

«ድንጋይ ደግሞ መቼ ነው የሚያልቅ?» አለች። ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ድንጋዩ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር። በሳምንቱ ሽማግሌው ካሮጌ ኮርቻ በቀደዱት ቆዳ አሸነው፤ የበሩ ብርሃን በላዩ ላይ እንደ ትንሽ መስኮት ታየ። በማግስቱ ማርያም ነበረች። ድንጋዩን አንስቼ ወደ ብርሃኑ አዞርሁትና «እዚህ ጋ ጭረት አለ» አልሁ።

አልነበረም።

ሽማግሌው ድንጋዩን ተቀበሉኝ። በክር ያሰሩትን መነጽር አድርገው ብዙ ቆዩ። «አለ እንጂ» አሉ። «ለዚያውም ረጅም።»

በነጋታው ወደ ሻካራው ዱቄት ተመለስን። ድንጋዩ ዳግመኛ ሊያልቅ ሲል በገብርኤል ዕለት ጭረቱን እሳቸው አገኙ፤ እኔ መሰከርሁ። ከዚያ ወዲያ ተራ ገባን። ብርቱካኑ አነስተኛ ብርቱካን፣ ቀጥሎ ሎሚ ሆነ። ጠበብ ያለ ኩባያ ለማስበየድ ስመላለስ በያጁ «ይኼ ነገር ወዴት እየሄደ ነው?» አለኝ። «ወደ ታች» አልሁት።

የሚያንሰው ድንጋዩ ብቻ ቢሆን የምስር ፍሬ እስኪያክል እቀጥል ነበር። ግን ክረምቱ ሲወጣ ሽማግሌው ከሳል ጋር ቀሩ። ኩባያውን የሚይዙት ድንጋዩን ለመጫን ሳይሆን እንዳይወድቁ ለመደገፍ መሆኑን እጃቸው ይነግረኝ ነበር። አንድ ጠዋት ቀርተውብኝ ብሄድ፣ ምድጃቸው ትናንትም አልተጫረም፤ ወተቱ ክዳኑ ሳይነሳ ረግቷል። «ጾም ነው» አሉኝ። ጾም አልነበረም። የዚያን ቀንም መጥተው ፈጩ። እኔም ውሃዬን አፈሰስሁ።

በጥቅምት መድኃኔዓለም ልጃቸው ራሷ መጣች። ጥፍሯ ሥር የከሰል ጥቁረት ያለ፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። በሩ ላይ፣ በተለመደው ቦታችን አገኘችን። ቁጭ በይ ብላት አልተቀመጠችም።

«ወንድሜ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። በደወልሁ ቁጥር ጭረት ጭረት ይለኛል። የዚህ አገር ድንጋይ ሁሉ ጭረት ነው፤ እኔ ያለኝ አባት ግን አንድ ነው። አልቋል ወይስ አላለቀም?»

«አትጩኺበት፣ እያየ ነው» አሉ ሽማግሌው።

ድንጋዩን ወደ ብርሃኑ ይዤ አዞርሁት። ሽማግሌው የሚያዩት ድንጋዩን ሳይሆን ፊቴን ነው። ከአንዱ አረንጓዴ ነጠብጣብ ሥር ቀጭን ነገር ብልጭ አለ። መልሼ አዞርሁት፤ እዚያው ነው። ስንት በዓል ያልነበረውን ስናገኝ ከርመን ዛሬ የእውነት ጭረት ነበረበት።

«አየኸው?» አሉኝ።

«አየሁት።»

«እህ?»

«ምንም የለበትም አባባ። አልቋል።»

መነጽራቸውን አድርገው ወሰዱት። የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በቀስታ ከነጠብጣቡ ሥር አሳለፉ፤ ጥፍሩ ሲይዝ አየሁ። እንደገና አሳለፉት። ከዚያ መነጽሩን አወለቁ።

«አልቋል» አሉ ለልጃቸው።

ኳሱን ይዘው እንዲሄዱ ብለምናቸው እንቢ አሉ። «አዲስ ቅዳም ብወስደው ለምን ይጠቅማል ይሉኛል። መልሱን የምታውቅ አንተ ነህ።» ከኪሳቸው የፈረሳቸውን የልጓም ቀለበት አውጥተው መስኮቱ ሥር አስቀመጡና ድንጋዩን ላዩ ላይ አኖሩት። አልተንከባለለም። ቀለበቱን ከመቼ ጀምሮ በኪሳቸው ይዘውት እንደሚዞሩ አልጠየቅሁም። ሚኒባስ ተራ ድረስ የወሰዳቸው ባጃጅ ነው። ሲወጡበት ሾፌሩን «ቀስ አድርገህ ያዘው እንግዲህ» ሲሉት ሰማሁ።

ጠርሙሱን በስቼ ሰቅየዋለሁ። በደንብ ያንጠባጥባል፤ በአዘቦትም በበዓልም ለእሱ ያው ነው። በኅዳር ሚካኤል ዕለት ሞተሩን አስነሳሁ። የሚከለክል ሰው አልነበረም። ሌላ ድንጋይ ትንሽ ፈጭቼ አጠፋሁትና ድንጋዩን ከቀለበቱ አንስቼ በሩ ላይ ተቀመጥሁ። ጭረቱን በጥፍሬ ፈለግሁት። ካለበት አልሄደም።