በጥቁር ሰሌዳ የተማርነው ኢንተርኔት

ኢንተርኔት የተማርኩት በጠመኔ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ከተለመደው ውሸቴ ይደምረዋል። አልፈርድበትም፤ ዕድሜዬን ሙሉ አንዷን ፍየል አሥር፣ አሥሩን ጅብ መቶ እያደረግሁ የኖርኩ ሰው ነኝ። የጠመኔው ነገር ግን ምንም ሳይጨመርበት እንዲሁ ነው።

አርብ ገበያ በምትባለው ከተማችን አንድ ኮሌጅ ቅርንጫፍ ከፍቶ ነበር። እኛ ያረጀን መምህራን ዲፕሎማችንን ወደ ዲግሪ እናሳድግ ብለን ቅዳሜ ቅዳሜ እንማራለን። ከትምህርቶቹ አንዱ የኢንተርኔት አጠቃቀም ነበር። ክፍሉ ውስጥ ስምንት ኮምፒውተሮች ነበሩ። ሁለቱ ይሠራሉ፤ አንዱ ሲመቱት ይሠራል፤ የቀሩት አምስቱ ዶሮ ቢያሳቅፉባቸው ይሻል ነበር። ኢንተርኔቱ ራሱ ግን የለም። በአገሩ መስመሩ ከተቋረጠ ወራት ሆኖታል። መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅ ቢኖርም አይናገርም። መጽሐፉ ግን ተማሩ ይላል፤ ፈተናውም አይቀርም።

ስለዚህ አስተማሪያችን ጠመኔ አንሥቶ ኢንተርኔትን ሰሌዳ ላይ ሣለው። አንድ ትልቅ አራት ማዕዘን ሠርቶ ከላዩ ቀጭን ሣጥን ጨመረበትና «አድራሻ የሚጻፈው እዚህ ነው» አለ። ቀስት ሣለና «ይህ ማውሱ ነው» አለ። እኛም ገለበጥን። ሰሌዳውን ጠርጎ «እስቲ ድገሙልኝ» ሲለን ግን ከመካከላችን አንድ የሚነሣ ጠፋ።

ያን ጊዜ ከጎኔ የኔታ ብድግ አሉ። የኔታ ያልኳቸው የስማዳ ሰው ናቸው። ቤተ ልሔም ከሚባለው ደብር ድጓ ተምረው ያደጉ፣ ኋላ አስኳላ ገብተው የአንደኛ ክፍል ፊደል አስቆጣሪ የሆኑ። ስማቸውን አልጽፍም፤ የማንንም ስም አልጽፍም። መንደራቸው ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ስለሆነ ዓርብ ከገበያተኛው ጋር ይመጡና እኔ ቤት አድረው ቅዳሜ አብረን እንገባለን።

«ልጄ» አሉት አስተማሪውን፣ «የሌለ ነገር በዓይን አይያዝም፤ በቃል ነው የሚያዝ። እኛ ዘንድ መጽሐፉ አንድ፣ ተማሪው መቶ ነበር። ማን ቸገረው?»

ከዚያ ወዲያ አንዱ እየመራ ሌላው እየተቀበለ ሆነ ትምህርታችን። እርሳቸው «ብሮውዘሩን ክፈት» ሲሉ እኛ «አድራሻውን ጻፍ» እንላለን። «ኢንተር በል» ሲሉ «ታገሥ» እንላለን። ታገሥ የምትለዋ መጽሐፉ ላይ የለችም፤ የኔታ የጨመሯት ናት። በመስኮቱ ሥር የሚያልፍ አህያ ነጂ ኪዳን የደረሰ እየመሰለው ቆሞ ያማትብ ነበር ብል አብዛኛው እውነት ነው።

ለልምምድ የሚሆን ምሳሌ ሲጠፋን የኔታ የልጃቸውን የፈተና ቁጥር ሰጡን። ልጅቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ተፈትና ውጤት የምትጠብቅ ናት፤ ውጤቱ ደግሞ የሚታየው በኢንተርኔት ነው። ቁጥሩ ሰሌዳው ላይ ተጻፈ። እየመራን እየተቀበልን ደገምነው። በወሩ ውስጥ ከሠላሳችን የራሱን የስልክ ቁጥር የሚረሳ ነበር፤ የእርሷን የሚረሳ አልነበረም።

አንድ ዓርብ እራት ላይ የኔታ ጉዳዩን ገለጡልኝ።

«ለዲግሪው መሰለህ የምመላለስ?» አሉኝ። «ጡረታዬ ደርሷል። ዲግሪውን ምን ላደርገው? ያችን ውጤት በዓይኔ ላያት ብዬ እንጂ።»

«ሌላ ሰው አይቶ ቢነግርዎትስ?»

«ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኮብኛል፤ አንድ የእስቴ እህል ነጋዴ ለልጁ ፈልጓት። ሁለቱንም ጊዜ ውጤቷ ይምጣ ብዬ መልሻለሁ። ካለፈች ትማራለች፣ ከወደቀች ትዳር ትይዛለች። እንዲህ ያለው ነገር በሰው ዓይን አይታይም።»

«ልጅቱስ ምን ትላለች?»

«እርሷማ ደብተሯን እስካሁን አልጣለችም» አሉና እጃቸውን ታጠቡ።

አሁን የእኔን ጥፋት ልናገር። አንድ ቅዳሜ ቀድሜ ገባሁና ከሚሠሩት ኮምፒውተሮች በአንዱ ላይ ደብዳቤ ጻፍኩ። ከላይ የመሥሪያ ቤት ርእስ፣ ከታች በዝርዝር የተሞላ ሠንጠረዥ፣ ከጎኑ ክብ ማኅተም፤ ማኅተሙን ብቻ ለመሥራት አንድ ሰዓት ፈጅቶብኛል። የመምህራን ደመወዝ በእጥፍ ተጨምሯል ይላል። ከዚያ በሩ ላይ ቆሜ «መስመሩ መጣ፤ ኑ እዩ» አልኩ። ክፍሉ ንብ ሆነ። «እውነት ነው?» ሲሉኝ «ልጆቼን ይንሳኝ» አልኩ። አንዱ ኮምፒውተሩን አቀፈው፤ ሌላው ሚስቱን ሊፈታ ነው ተባለ። ከምሳ በፊት እውነቱን ላወጣላቸው ነበር ሐሳቤ። ነገር ግን ሳቁ ጣፈጠኝ፤ ትንሽ ይቆይ አልኩ። በመካከሉ የኔታ ምሳ ሳይበሉ ወደ አገራቸው ሄደዋል።

እርሳቸው ለባለቤታቸው ነገሩ፤ ባለቤታቸው ለሰበካው። ሰበካው በሙሉ እንኳን ደስ ያለዎ ሲላቸው ሰነበተ። በሳምንቱ የመጣ ገበያተኛ ነው የእኔ ቀልድ መሆኑን የነገራቸው። ሁለት ዓርብ ሌላ ቤት አደሩ። በሦስተኛው መጡና አጎዛቸው ላይ ተቀመጡ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አሉኝ ፈገግ ብለው። «ከእንግዲህ ግን ካንተ አፍ የሚወጣውን በሁለት በሦስት ምስክር ነው የምቀበል።»

እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በዚያ ዓመት ውጤቱ ዘግይቶ ጥር ሊያልቅ ሲል ወጣ ተባለ። ልጅቱ የተማረችበት ትምህርት ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፤ ርእሰ መምህሩም ወደ ከተማ ወርዷል፤ ዝርዝር የሚለጥፍ ሰው የለም። በዚያው ሰሞን ጥርሴን ታምሜ ደብረ ታቦር ሄድኩ። ጥርሴ የከነከነኝ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ነው፤ ጎረቤቶቼ ሳይሰሙት አይቀሩም። ምሳ የበላሁበት ሆቴል ኢንተርኔት አለን ሲሉኝ የባለቤቱን ኮምፒውተር ለመንኩ።

ተቀመጥኩና በለሆሳስ «ብሮውዘሩን ክፈት» አልኩ። «አድራሻውን ጻፍ» ብዬ ራሴ ተቀበልኩ። ቁጥሯ ከጣቶቼ ቀድሞ በአፌ መጣ። «ኢንተር በል» አልኩ። ታገሥኩ።

አልፋለች። እንዲያው ለጥቂት አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ መርጦ የሚያስገባ ውጤት። ደጋግሜ አየሁት። ከመላው አካባቢ ያለፈው በጣት የሚቆጠር ነው ሲባል ነበር፤ ከጣቶቹ አንዷ የእኛዋ ሆነች። ጥርሴን ረሳሁት፤ ሳይነቀል ከነሕመሙ አብሮኝ ተመለሰ።

የኔታ ስልክ የሚይዝላቸው ከቤታቸው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። ስደውል ስደውል ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሣ።

«የኔታ፣ አልፋለች። በዓይኔ አየሁት።»

ነፋሱ በስልኩ ያፏጫል።

«ማን አብሮህ አለ?»

«ማንም የለ። ሆቴል ነኝ።»

«አየህ» አሉ ቀስ ብለው። «በደመወዜ ቀለድክ፤ ተውኩት። በልጄ አትጫወት ወንድሜ። ነገ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ።»

ዘጉት። ደግሜ ብደውል አይሠራም፤ ከጉብታው ወርደዋል።

ውጤቱን በወረቀት አሳተምኩና በማግሥቱ በመጀመሪያው መኪና ተሳፈርኩ። ከእስቴ እስከ ወገዳ ያለው መንገድ ጉበቴን ወደ ሳንባዬ፣ ሳንባዬን ወደ ጉበቴ አዛውሮ አደረሰኝ። ከወገዳ ወደ መንደራቸው በእግሬ ገሰገስኩ። ስደርስ ሦስት ሽማግሌዎች መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ የኔታ ከፊታቸው ናቸው። ወረቀቱን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። ርእሱን አዩ፤ ሠንጠረዡን አዩ፤ ጣታቸውን ማኅተሙ ላይ አኖሩ።

«ያኛውም ክብ ማኅተም ነበረው» አሉ።

«የኔታ፣ ይህ የእኔ ሥራ አይደለም። ልጆቼን ይንሳኝ።»

ከአፌ ሲወጣ ራሴው ሰማሁት። ያን ቀን የማልኩት በዚሁ ነበር።

አንደኛው ሽማግሌ ወደ እኔ ቀና አሉና «የደመወዙ ሰውዬ ማለት እርስዎ ነዎት?» አሉኝ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳቁ። ክፋት የለበትም፤ ሰው እንዲስቅልኝ ስጥር የኖርኩ ነኝ።

«እስቲ እናንተ» አሉ የየኔታ ባለቤት ከጓዳ፣ «የማን ልጅ አለፈ? የአገሩ ልጅ ሁሉ ወድቆ የእኛዋ ብቻ?»

ልጅቱ ከበሩ መጣችና ወረቀቱን ከአባቷ እጅ ተቀበለች። ቆማ አነበበችው።

«አባዬ፣ ቁጥሩ የእኔ ነው» አለች።

«ቁጥሩንማ ሠላሳ ሰው በቃሉ ያውቀዋል። እኔው ነኝ ያስጠናኋቸው።»

«አንድ ሳምንት ይታገሡኝ» አለች ልጅቱ። «ሰው እንላክ፣ ደብረ ታቦር አይቶ ይምጣ።»

የኔታ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ በትራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡና «አባቴ» አሉ፣ «ሰኞ ጾሙ ይገባል። በሙሽራው ቤት ጠላው ተጠንስሷል። ሁለት ጊዜ ውጤት ይምጣ ብለው መለሱን፤ መጣን። ዛሬ ውጤት መጣ ሲባል ደግሞ ቆዩ ሊሉን ነው? እንዲህ ከሆነ ልጅ የለኝም ይበሉንና በሰላም እንለያይ።»

የኔታ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። እንዲያ ሆኖ ሰው አይቶኝ አያውቅም። «አንድ ሰው እንኳ አብሮህ ቢያይ ምን ነበረበት» አሉኝ። የሆቴሉን ሰው ስልክ ቀርቶ ስሙን አልጠየቅሁትም ነበር። ተነሡና ለሽማግሌዎቹ ቃላቸውን ሰጡ። ልጅቱ ወረቀቱን አጥፋ ለእኔው መለሰችልኝና ወደ ጓዳ ገባች።

ሠርጉ በሦስተኛው ቀን ተደገሰ። ጠርተውኝ ሄድኩ፤ በላሁ፤ ጠጣሁ። ሰዎች እንዳስቃቸው ሲጠብቁኝ አመሹ።

በጾሙ መጋመሻ አንድ ቅዳሜ አስተማሪያችን ከበሩ ላይ «ዛሬ እውነተኛው መጥቷል» አለን። በኮሌጁ ቢሮ በኩል መስመር ተገኝቶ ለአንዱ ኮምፒውተር ተስቦለታል። ሠላሳችን ከበብነው። የማንን ቁጥር እንሞክር ብሎ የጠየቀ የለም። የኔታ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና በአንድ ጣታቸው ጻፉት። ያን ቀን የመራም የተቀበለም አልነበረም። እየተጠባበቅን ሳለ ገጹ ወጣ።

አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጠረጉና እንደገና አነበቡት። ክፍሉ ውስጥ ወደ እኔ የዞረ አንድም ሰው አልነበረም፤ መሬት መሬቱን ያያሉ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

«ልጅቱ ትዳር ይዛለች» አሉ የኔታ ሳይዞሩ። «የዩኒቨርሲቲው ምዝገባም አልፏል። ይህን ብትሰማ ቤቷም አይቆም፣ እኔንም አታይ። ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ።» ከዚያ ዞረው «አንተም» አሉኝ።

ያገባች ሴትም ትማራለች፣ ለከርሞ ይጠየቅላት ልል ፈልጌ ነበር። በየትኛው አፌ? «እሺ» አልኩ። የኔታ በሚቀጥለው ሳምንት መጡ፤ በሚቀጥለውም መጡ። እኔ ቤት አደሩ፤ አብረን በላን። ስለዚያ ነገር አንድ ቀን እንኳ አላነሡብኝም፤ ዲግሪያቸውንም ያዙ። ባለፈው ክረምት ዐረፉ። ቃሌን የምጠብቅላቸው ሰው ስለሌሉ ነው አሁን የምጽፈው። ልጅቱ ብታነበው ራሷን ታውቀዋለች። ከእኔ የመጣ ነውና አላምንም ብትል ደግሞ መብቷ ነው።

በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ልጅቱን አንድ ዓርብ ገበያ ላይ አግኝቻት ነበር። የስንዴ ጆንያዎች መካከል ቆማለች፤ ባሏ ራቅ ብሎ አህያ ያራግፋል። ፊቷ ጠቆር ብሏል እንጂ ደህና ናት። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ልጆቼን ጠየቀችኝ፤ አባቷን ቅዳሜ እንዳየኋቸው ነገርኳት። ልሄድ ስል ዝቅ ባለ ድምፅ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? አይቆጡኝም?»

«ምን አስቆጣኝ?»

«ያ ወረቀት… እውነት ነበር እንዴ?»

ባሏ ጆንያ ተሸክሞ ወደ እኛ እየመጣ ነበር። እርሷ አታየውም፤ እኔን ነው የምታይ። በዕድሜዬ ስንት ነገር ዋሽቻለሁ፤ ይህን ያህል ረጅም ጊዜ አስቤ የዋሸሁት የለም።

«ቀልድ ነበር» አልኳት። «ክፉ ቀልድ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እኔም ብዬ ነበር» አለች። ወዲያው አመነችኝ። ትንሽም ፈገግ አለች። «ይቅር ይበለን። እኔማ እንዲያው ሌሊት ሌሊት እያሰብኩ…»

ሳትጨርሰው አንድ ገዢ መጥቶ ከጆንያው ስንዴ ዘገነና በመዳፉ ላይ ነፋው። እርሷም ዋጋ ልትነግረው ዞረች።