አምስት ዜሮ

መምህርት እስከዳር ሮብ ገበያ አጠገብ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምራለች። ሥራውን ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ስልሳ ሰባት ተማሪ፣ ስልሳ ሰባት ደብተር። የቤት ሥራ ከመቶው አሥር ይይዛልና ነጥብ አልሰጥም ማለት አይቻልም፤ ስለዚህ የመጨረሻውን መልስ ብቻ አይታ ልክ ከሆነ አሥር፣ ካልሆነ ዜሮ ጽፋ፣ ፈርማ ታልፋለች። ልጆቹ ጠዋት ጠዋት ከጎበዙ ተማሪ ከመሳፍንት ደብተር እንደሚገለብጡ ታውቃለች። እያወቀችም አሥር ትሰጣለች። ምን ታድርግ፣ ሰው ናት፣ ዓይኗም ይደክማል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የጥላነሽ አባት አበባው ልጁን አስከትሎ፣ ደብተሯን ይዞ መጣ።

«መምህርት፣ ልጄን ላስወጣት ነው። እናቷ በቤቱ ሥራ ብቻዋን እየለፋች ነው ትምህርት ቤት የላክናት። ይኸው፣ አምስት ጊዜ ዜሮ! ካልገባት ለምን ትንከራተት?»

አበባው ፊደል አልቆጠረም። ዜሮን ግን ማንም ያነባል።

እስከዳር ደብተሩን ገለጠች፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ከመልሱ በላይ ያለውን አየች። ማባዛቱ ልክ ነው። ልጅቷ የምትስተው መጨረሻ ላይ ስትደምር፣ በእጇ የያዘችውን ቁጥር እየረሳች ነው። አምስቱም ላይ ያው አንድ ስሕተት። እንግዲህ ከማንም አልገለበጠችም ማለት ነው። ራሷ የሠራችው እሷ፣ ዜሮ የተሰጣትም እሷ! እስከዳር አፈረች።

«አያ አበባው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ልጅዎ ገብቷታል።»

«ታዲያ ዜሮው?»

«በደንብ ሳላይ ነው የሰጠሁት።»

«እኔ በምን ልወቅ፣ መምህርት? የማውቀው ቁጥሩን ብቻ ነው።»

እውነቱን ነው። ዜሮውን ሰርዛ አሥር ብትጽፍለት ኖሮ ወዲያው ያምናት ነበር፤ ግን እሱም ያው ውሸት ነው። ቀይ እስክሪብቶዋን አወጣችና ከዜሮው ሥር ጻፈች። ደብተሩን ለልጅቷ ሰጥታ፣ «ለአባትሽ አንብቢላቸው» አለቻት።

ጥላነሽ በጣቷ እየተከተለች፣ አንዲት ቃል ሳትዘል አነበበች። «ማባዛትሽ ልክ ነው። ስትደምሪ በእጅሽ የያዝሽውን ትረሻለሽ። ዛሬ አብረን እንሠራዋለን። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

አበባው ልጁ ስታነብ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

«እስቲ ድገሚው» አላት።

ደገመችው። እንደገና አስነበባት። መምህሯ ይቅርታ የጠየቀችበት ቦታ ላይ ስትደርስ አንገቱን ደፋ።

«በይ ክፍልሽ ግቢ» አላት፤ «እንዳይረፍድብሽ።»