ማርሚታዋ የተቀደደ ዲኤክስ

አሮጌዋ ዲኤክስ መኪናዬ ስትመጣ የአባቴ ሰፈር ውሻ ሁሉ ከተኛበት ተነስቶ ይቆም ነበር። እንደ ልማዱ አጋነነ የሚለኝ ካለ እህቴን ይጠይቅ። ማርሚታዋ ከተቀደደ ዘመን አልፎት ነበርና፣ ከዋናው አስፋልት ታጥፋ ኮብልስቶኑን ስትይዝ የሚጀምረው ጩኸት አባቴ ግቢ በር እስክንደርስ የሳሊተ ምሕረትን ግማሽ ሕዝብ ከቀን እንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። ሄሊኮፕተር መስሏቸው ወደ ሰማይ ያንጋጠጡ ጎረቤቶች አጋጥመውኛል። ማርሽ ስቀይር ታስላለች። ስትጠፋም ወዲያው አትጠፋም፤ ቁልፉን ካወጣሁት በኋላ ትንቀጠቀጥ ትንቀጠቀጥና እንደ ደከመው ሽማግሌ «እህህ» ብላ ታርፋለች።

ያቺን «እህህ» ሳትጨርስ የአባቴ ድምፅ ከበረንዳው ይሰማል።

«ክፈቱለት፤ ልጄ መጣ።»

መኪናዋ መጀመሪያ የእሱ ነበረች። መንዳት ያስተማረኝም በእሷ ነው። ያኔ ሲኤምሲ አካባቢ ሜዳ ነበር፤ ሰው ተጠምዶ ቢፈልግ እንኳ የሚገጨው ነገር የማያገኝበት ሜዳ። እኔ ግን ያለችውን አንዲት ዛፍ ፈልጌ አግኝቼ ገጨሁ፤ የእጄ ጠባሳ ከዚያ ቀን ነው። አባቴ ወርዶ መከላከያውን አየ፣ ዛፏን አየ፣ «እሷ ናት የመጣችብህ» ብሎ ተመልሶ ገባ። ቀልዱን የወረስኩት ከእሱ ነው።

ግላኮማ ዓይኑን እያደከመው ሄዶ አንድ ከሰዓት የጎረቤት በር ላይ ቆሞ ክላክስ ሲያደርግ አገኘነው። ሰው ሲወጣለት «ማን ነው ቤቴን ሰማያዊ ቀለም የቀባው?» ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ወረደ፣ በመኪናዋ ጎን እየዳበሰ መጥቶ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠ። ስለ ጉዳዩ ዳግመኛ አላነሳም። በኋላ ማርሚታው ሲቀደድ ላሠራው ነው ስለው ግን ከለከለኝ። «ተዋት። ሌባ ቢወስዳት የት እንደደረሰች እሰማለሁ» አለ። ሁላችንም ሳቅን።

ከዓይኑ ቀጥሎ የደከመው ማስታወሱ ነው። ድምፄን ከሟቹ አጎቴ፣ ከውኃ ቆጣሪ አንባቢው፣ አንዴም ከሬዲዮ ዜና አንባቢ ጋር አምታቶት ያውቃል፤ ስለ ዓለም ሁኔታ ጠይቆኝ እኔም እንደመጣልኝ መለስኩለት። ዲኤክሷን ግን ከምንም ጋር አምታቷት አያውቅም። እሷን ከሰማ እኔ እኔ ነኝ። «አንተ» ይለኛል፣ ሆዴን መታ መታ አድርጎ «ይኼ ነገር መቼ ነው የሚወለደው?» ይለኛል፣ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ ቅዳሜ ከሰዓትን ሙሉ ሲያወራኝ ይውላል።

መኪና የመቀየሩ ነገር የመጣው ከአንድ ሰርግ ነው። ቦሌ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ ተጠርተን ባለቤቴ በአበሻ ቀሚስ፣ እኔ በሱፍ፣ ዲኤክሷ እንደ ልማዷ እየጮኸች ደረስን። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ በትሕትና «የሽንኩርት መግቢያው በጀርባ በኩል ነው» አለን። እርግጥ የኋላ ወንበሩ ላይ ጠዋት ከሾላ ገበያ የገዛሁት ሽንኩርት ነበረ። ባለቤቴ ግን ይህን እንደ ማስተባበያ አልተቀበለችውም። ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው ክርስትና እስኪያስነሱ ድረስ ያኮረፈችኝ ይመስለኛል።

እናም አዲሷ ስቴሽን ዋገን መጣች። ኤሌክትሪክ ናት። ርዝመቷ ለጉድ ነው፤ አፍንጫዋ መገናኛ ሲደርስ ጅራቷ ገና ቦሌ ነው። ሻጩ ጉልበቷን ሲነግረኝ በአንድ ክፍለ ጦር ፈረስ ለክቶ ነው፤ ዓይንህን ሳታርገበግብ መቶ ትገባለች አለኝ። እስካሁን ስትገባ አላየሁም። በገርጂ መንገድ ላይ ያ ሁሉ ፈረስ ከፊቱ ባለው ሚኒባስ ጭስ ሲታጠን ይውላል። ወንበሯ ወገብ ያሻል። ቁልፉን በኪሴ ይዤ ስጠጋት ከሩቅ ታውቀኛለች፤ መብራቷን አብርታ በሯን ራሷ ትከፍትልኛለች። ድምፅ ደግሞ ፈጽሞ የላትም። ስትሄድ ወረቀት የተገለጠ ያህል እንኳ አይሰማም።

ለሚጠይቀኝ ሁሉ ለአባቴ ነው የገዛኋት እል ነበር። ውሸትም አልነበረም። ጉልበቱ አልታጠፍ እያለው ሐኪም ቤት በሄድን ቁጥር ዲኤክሷ ውስጥ እንደ ብርድ ልብስ አጣጥፈን ነበር የምናስገባው። የአዲሷ የኋላ ወንበር ወደ ኋላ ይተኛል፤ እግሩን ዘርግቶ ይሄዳል ብዬ አሰብኩ። በሐሳቤ ሲገባ ሲወጣ አየሁት፣ ሲደሰት አየሁት። ዲኤክሷን ገርጂ ለሚኖር ሰው ሸጥኩለት። የሄደችበት ቀን፣ ሁልጊዜ ተለምና የምትነሳዋ መኪና በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ከእኔ መገላገሏ እንዲያ አጣደፋት መሰለኝ።

በቤታችን አዲስ መኪና አባት ሳይመርቀው በደንብ የተገዛ አይባልም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ወደ ሳሊተ ምሕረት ነዳኋት። ውሾቹ ቀና እንኳ አላሉም። በሩ ፊት ቆሜ ጠበቅኩ። «ክፈቱለት» የሚል የለም። ከስንት ዓመት በኋላ የአባቴን ግቢ በር እንደ ውጭ ሰው አንኳኳሁ።

እህቴ ከፈተችና ከኋላዬ ያለችውን አይታ አፏን ያዘች። «ይቺ ናት? ባቡር እኮ ነው የገዛኸው።»

«ማን ነው?» አለ አባቴ ከበረንዳው።

«እኔ ነኝ አባዬ።»

ወንበሩን ተደግፎ ብድግ አለ። ለእኔ ተነስቶልኝ አያውቅም።

«ይግቡ፣ ይግቡ። በሞቴ ይቀመጡ። አንቺ፣ ለእንግዳው ወንበር አምጪላቸው እንጂ።»

«አባዬ፣ ልጅህ እኮ ነው» አለችው እህቴ።

«ልጄ?» ጆሮውን ወደ በሩ አዘነበለ። «መኪናዋስ?»

«ሸጥኳት አባዬ። ሌላ ገዛሁ።»

ፈገግ አለ። «ቀልደኛ ነዎት። ልጄም እንደ እርስዎ ነው። ግን እሷን ሊሸጣት ቀርቶ በቅጡ አያሳጥባትም።»

እኔም ሳቅሁ። ነገ ይለምዳል ብዬ ነበር። እጁን ይዤ ወደ መኪናዋ ወሰድኩት፤ ወንበሩን አስተኝቼ እግሩን ዘረጋሁለት፤ በሰፈሩ ዙሪያ ነዳሁት። የወንበሩን ቆዳ በመዳፉ እየደጋገመ ይዳብስ ነበር።

«መቼ ነው የምንሄደው?» አለኝ።

«እየሄድን ነው አባዬ።»

«እንዲህ ጸጥ ያለ ነገር የማውቀው የሬሳ መኪና ብቻ ነው» አለ። ከዚያ እንግዳ ያስቀየመ መስሎት ደነገጠ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የሽማግሌ አፍ ነው። መኪናዎ ግሩም ነው።»

ሲወርድ መሪው ያለበትን ጠየቀኝና እጁን ጫነበት። መረቀኝ። ከክፉ ይጠብቅዎ፣ ለዘመድ መሰብሰቢያ ያድርግልዎ፣ ሽማግሌ የሚጦሩበት ይሁን አለ። እኔና እህቴ አሜን አልን። መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእኔም ልጅ እንዲህ ያለውን ይስጠው። ያቺ ዲኤክስ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጥላው እንዳትቀር እፈራለሁ።»

ለዚህኛው አሜን እህቴ ብቻ ናት ያለችው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አንኳኩቼ እገባለሁ፣ ተነስቶ ይቀበለኛል፣ «እርስዎ» ይለኛል። ስሜን ብነግረው ሞክሼ ነዎት ይለኛል። እጄን አስይዤው ጠባሳዬን ባስዳስሰው «የእኔም ልጅ ዛፍ ገጭቶ እንዲህ ያለ አለው» ብሎ ይደነቃል። ትንሽ አውርተን ጆሮው ወደ መንገዱ ይሄዳል። «ልጄ ቅዳሜ አይቀርም ነበር» ይላል። «የሚያውቁት ከሆነ፣ አባትህ ምን አስቀየመህ ይላል ይበሉልኝ።»

ባለቤቴ መልሰህ ግዛት ያለችኝ ያን ጊዜ ነው። የሽንኩርቷን መግቢያ ረስታ አይደለም፤ ቅዳሜ ማታ ስመለስ ፊቴን ስታይ ከርማ ነው። ገርጂ ሄድኩ። ሰውየው በደስታ ተቀብሎኝ ወደ ዲኤክሷ ወሰደኝ። ታጥባለች፤ ቀለም ተቀብታለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መልኳን ያየሁት ያኔ ነው ብል አልዋሸሁም። ቁልፉን አዙሮ አስነሳት። እንደ ድመት ታንኮራፋለች።

«ማርሚታዋን ምን አደረግከው?» አልኩት።

«መጀመሪያ የቀየርኩት እሱን ነው። እንዴት ታግሠህ ነበር ግን? ጎረቤት ሊከሰኝ ነበር እኮ።»

«አሮጌውስ?»

«ለቁራሌው ሰጠሁት።»

አባቴ ልጁን የሚያውቅበትን ድምፅ ቁራሌው ከባዶ ጠርሙስና ከተሰበረ ብረት ድስት ጋር በጆንያ ይዞት ሄዷል። ዲኤክሷን ትቼ ስመለስ መንገድ ላይ አንድ ጋራዥ ገብቼ የአዲሷን ማርሚታ ሊቀድልኝ ይችል እንደሆነ ጠየቅሁ። መካኒኩ «ኤሌክትሪክ እኮ ናት፤ ማርሚታ የላትም» አለኝ። ቀጥሎ አየት አደረገኝና በለሆሳስ «ቤተሰብ አለህ?» አለ።

ዘመድ ሲሰበሰብ የማቀርባት አንዲት ጨዋታ አለችኝ። ዲኤክሷን በአፌ አስነሳታለሁ፤ ሳሉን፣ የማርሽ መንጫጫቱን፣ ማርሚታውን፣ መጨረሻ ላይ «እህህ»ን። ከዚህ የተሻለ ሙያ የለኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያቺን ባቡር ኩርባው ጋ አቆምኳትና በእግሬ ኮብልስቶኑን ያዝኩ። ግራ ቀኝ አየሁ። ጀመርኩ።

ውሾቹ ተነሱ። ጉሊት የምትሸጠው ሴትዮ ቲማቲሟን ትታ አማተበች። ሱፍ የለበሰ፣ ጸጉሩን ሽበት የወረሰው ሰው በጠራራ ፀሐይ ከንፈሩን እያርገፈገፈ ማርሽ ሲቀይር ቆማ አየችኝ። በሩ ጋ ስደርስ ትንፋሼ አልቆ ነበር፤ «እህህ»ው ሳልፈልገው ራሱ ወጣ።

«ክፈቱለት» አለ አባቴ። «ልጄ መጣ።»

ስገባ አልተነሳም። እጁን ዘርግቶ ሆዴን ፈለገ። «አንተ፣ የት ጠፍተህ ነው? ይኼ ነገር እስካሁን አልተወለደም?» ከዚያ ቅንድቡን ሰበሰበ። «ሞተሯ ዛሬ አልጣመኝም። ካንዴላዋን አስጠርግላት።»

«እሺ አባዬ» አልኩ። እህቴ ወደ ጓዳ ገባች።

ያን ከሰዓት ሙሉ አወራኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሚመጣው እንግዳም ነገረኝ፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ግን ብቸኛ ሳይሆን አይቀርም አለኝ።

ክረምቱን በዚሁ ቆየን። ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ሲዘጋ ማርሚታው የበለጠ አማረበት። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ግን እህቴ ብቻዋን ናት። በሳምንቱ ውስጥ ልጄ የታለ፣ መኪናዋ ምን ሆነች እያለ ሲያደክማት «ሸጧት እኮ ነው አባዬ» ትለዋለች። ይሰማል፣ ያዝናል፣ ይረሳል። እንደገና ይጠይቃል፣ እንደገና ትነግረዋለች። ስንቱን ነገር እየረሳ ይቺን ወሬ አንድ ቀን ይይዛታል ብለን አላሰብንም።

መስከረም ላይ ነው። ኩርባው ላይ አቆምኩ፣ ጀመርኩ፣ በሩ ላይ ደረስኩ፣ «እህህ» አልኩ። «ክፈቱለት» የሚል የለም። ሁለተኛ አልኩ። እህቴ መጥታ ከፈተችልኝ። አባቴ ወንበሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ይግቡ» አለ። «ይቺን ድምፅ አውቃታለሁ። ልጄ የሸጣት መኪና ናት። እርስዎ ነዎት የገዟት?»

እህቴን አየኋት፤ እሷ መሬቱን ታያለች።

«አዎ አባባ» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፤ እንዲያው ማርሚታዋን አያሠሯት።» እጄን ፈልጎ አገኘው፤ በሁለት እጁ ያዘው። «ቅዳሜ ቅዳሜ መንገድዎ ከሆነ በዚህ በኩል ይንዷት። ልጄ ድምፅዋን ከሰማ ተከትሏት ይመጣ ይሆናል።»

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ኩርባው ላይ ወርጄ እስከ በሩ በአፌ እነዳታለሁ፤ ጉሊቷ ሴትዮም ለምዳኛለች። አባቴ ተነስቶ ይቀበለኛል። ከጎኑ እቀመጣለሁ፤ ሁለታችንም መንገዱን እናዳምጣለን።

«ዛሬም አልመጣም» ይለኛል ሲመሽ።

«መንገዱ ተዘጋግቶ ነው አባባ።»

እስከ በር ይሸኘኛል። ወደ ኩርባው ስጠጋ ያቺ ረጅም ነገር ከሩቅ ታውቀኝና መብራቷን ታበራለች፤ እጀታዋን ሳልነካው በሯን ትከፍትልኛለች።