የዓሣው ማጀት

አያቴ ከእንፍራንዝ በታች፣ ወንዙ ጣና በሚገባበት ዳር ያርሱ ነበር። ሐይቁ ሲሸሽ የሚገለጠው ደለል ለሽምብራ ሸጋ ነው። እሳቸው ግን ውሃው ዳር የበቀለው ደንገል ጋ ሲደርሱ በሬዎቹን ይመልሱና ሁልጊዜ እንዲህ ይሉ ነበር፦ «ከዚህ ወዲያ የዓሣ ማጀት ነው። ሰው ማጀት ሳይጠሩት ይገባል?»

ነገሩን ለተማሪዎቼ በቅደም ተከተል አስረዳለሁ። ወንዙ ሐይቁን ሲያገኝ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የተሸከመውን አፈር ያራግፋል፤ ውሃው ጥልቀት ያጣል፣ ፀሐይም ታሞቀዋለች። ዓሣ ጫጩቶቹን ደንገሉ ሥር የሚያሳድገው ለዚህ ነው፤ ትልልቆቹ በላተኞች እዚያ ገብተው አያገኟቸውም።

አያቴ ባረፉበት ዓመት ውሃው ሲሸሽ፣ አጎቴ ደንገሉን አጭዶ እስከ ውሃው ድረስ አረሰው። ዘሩን የበተንኩት እኔ ነኝ። ከአያቴ ጋር በድንበር ሲካሰሱ የኖሩት ሽማግሌ ጎረቤታችን ግን በሬዎቻቸውን እንደ ወትሮው በእሳቸው በኩል ካለው ደንገል መለሱ።

«አያ፣ ምነው ተመለሱ?» አላቸው አጎቴ እየሳቀ። «ከልካዩ እኮ የለም።»

«እኔ ባላጋራው ነበርኩ፤ ቃሉን ግን ሰምቻለሁ» አሉት። «እናንተ ምኑ ናችሁ?»

አሁን በእኛ በኩል ደንገልም የለም፣ አያቴም የሉም።

ባለፈው እሑድ ሙት ዓመታቸውን አወጣን። ሽሮው የተፈጨው ከዚያ ሽምብራ ነበር። ጎረቤታችን መጥተው «ነፍስ ይማር» ብለው ተቀመጡ፤ ከዚያም ወጡን ሳይነኩ እንጀራውን ከዳር ከዳር እየቆረሱ በሉ። አሳላፊው እኔ ነበርኩ። «ይብሉ እንጂ፣ አያ» ማለት ወግ ነው። እኔ ግን ድስቱን ይዤ አለፍኳቸው።