ነጭ ጨርቅ የታሰረበት ጄሪካን

ጠበቃ ነኝ። ቢሮዬ ደሴ ነው፤ ጉዳይ ሲኖረኝ ኮምቦልቻ ድረስ ወርጄ እከራከራለሁ። አፈኛ ነው ይሉኛል፤ አልክድም፣ ነኝ። ይህ አፌ እንደዚያ ቀን ያኮራኝ ጊዜ የለም፤ እንደዚያ ቀን ያዋረደኝም የለም። ወላሂ፣ እስከ ዛሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል።

ደንበኛዬ ከደሴ ኮምቦልቻ ሲመላለሱ የሸበቱ የሚኒባስ ሹፌር ነበሩ። ሚስታቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ሶላት አያልፋቸውም፤ እኔው ራሴ ጁምዓ ጁምዓ ከፊተኛው ሶፍ፣ ከሰጋጁ የመጀመሪያ ረድፍ ቆመው አያቸዋለሁ። ቢሮዬ የመጡ ቀን ገና «አሰላሙ ዓለይኩም» ከማለታቸው ክፍሉ በቅርንፉድ ሽታ ታወደ። ከኪሳቸው ትንሽ ቆርቆሮ አወጡና «እንካ ልጄ፣ አፍህን ያጣፍጥልህ» ብለው ሁለት ፍሬ መዳፌ ላይ ጣል አደረጉልኝ። እያኘኩ ክሱን ማንበብ ጀመርኩ።

ትንሽ እንዳነበብኩ ማኘኬን አቆምኩ። ጠጥቶ ማሽከርከር! በዚያ ላይ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ። ሐረጎ ቁልቁለቱ ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ሚኒባሷ መስመር ስታ መንገድ ዳር ብርቱካን የምትሸጥ ሴት እግር ሰብራለች። ትራፊክ ፖሊስ ደርሶ በትንፋሽ መለኪያ ሲያስነፋቸው ሕጉ ከሚፈቅደው በላይ አልኮል ተገኘባቸው። ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት። በስም ተሳስተው የጻፉት መስሎኝ ነበር።

«አባባ፣ እርስዎ? መጠጥ?»

«አስተግፊሩላህ!» አሉ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው። «ያን ቀን ጎረቤቴ ሰርግ ነበርኩ። ቀሪቦ ቀርቦ ነበር። ሌላ ምን ልበልህ?»

ከዚያ አንገታቸውን ደፉ። «መንጃ ፈቃዴን ይውሰዱት፤ ይሰሩኝም። ብቻ መስጊድ በር ላይ ‹ሰካራሙ› ሲሉኝ አልስማ። ከዚያ በፊት አላህ ይውሰደኝ» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። «አብሽሩ አባባ! እኔ እያለሁ?» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ሰርጉ ግድግዳ የሚጋሯቸው ክርስቲያን እናት ልጃቸውን ሲድሩ የደገሱት ነበር። እኛ ወሎ ክርስቲያን ሲደግስ ለእስላሙ ጎረቤት ለብቻ ይታረዳል፣ ለብቻ ይሠራል፣ ዳሱም ለብቻ ይጣላል። መጠጡ ጌሾ የማይነካው፣ የማያሰክር የገብስ ቀሪቦ ነው። መልኩ ግን ከጠላ አይለይም፤ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ዛሬ ዛሬ በጄሪካን የሚቀዱ። ይህን ሳስብ ብልጭ አለልኝ። ጄሪካኖቹ ተምታተው ቢሆንስ? ሐሳቡ የኔ ነው። ማንም አላመጣልኝም፣ እኔው ነኝ የወለድኩት።

በማግስቱ ሴትየዋ ቤት ሄድኩ። ዕድሜያቸው ከደንበኛዬ ጋር እኩያ ይሆናል፤ ቀጥ ያሉ፣ ቤታቸውም እንደሳቸው ቀጥ ያለ። ነገሬን ገና ስጀምር አቋረጡኝ።

«የኔ ቀሪቦ? ከጠላ ተምታታ? የቀሪቦዬ ጄሪካን እጀታው ላይ ነጭ ጨርቅ ይታሰርበታል፣ የኔ ልጅ። ይህን ሁሉ ዘመን ስደግስ አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ጠይቅ መንደሩን።»

«እንግዲያው እማማ፣ ሰውየው ሰካራም ተብለው ይፈረድባቸዋል» አልኩና ልሄድ ብድግ አልኩ። ወደ ጓዳቸው ዞር ብለው አዩ።

«ተሳስቻለሁ ብል ይለቁታል?»

«ከተሳሳቱ...»

«ይለቁታል ወይ ነው ያልኩህ!»

«አዎ፣ ይለቋቸዋል።»

«እንግዲያ ጨርቁ ወድቆ ይሆናል» አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። እኔ ጅሉ ያን ጊዜ ነገሩ ትዝ ያላቸው መሰለኝ። ደስ ብሎኝ እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

የችሎቱ ቀን የኮምቦልቻ ሙቀት ገና በጠዋቱ ኮት ያስወልቃል። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወርዶ አግዳሚው ሞልቷል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። እማማ ወንጌሉን ይዘው ማሉና ቆሙ።

«ከቀሪቦው ጄሪካን ላይ ጨርቁ ወድቆ ነበር። ጠላውን ቀሪቦ መስሎኝ ቀዳሁ። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ።

ከኋላዬ ጉርምርምታ ተነሳ። በእስላሙ ዳስ ተቀምጠው የነበሩ ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። «ያረቢ! እኛስ ምንድን ነው የጠጣነው?» አለች አንዷ ጮክ ብላ። ዳኛው ጸጥታ አስከበሩ። እውነቱን ልናገር? የሴትየዋ ጩኸት ለክርክሬ ጠቀመኝ እንጂ ሌላ ነገር አልታየኝም።

ዓቃቤ ሕጉ ነቄ ነበር። «ጠላና ቀሪቦ በጣዕም አይለዩም እንዴ? ተከሳሹ አንድ ጊዜ ሲጎነጩ አያውቁም?» ሲል ከመቀመጫዬ ተስፈንጥሬ ተነሳሁ።

«ክቡር ፍርድ ቤት! በዕድሜው ጠላ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ጣዕሙን በምን ይለየዋል?»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛውም ከንፈራቸውን ነከስ አድርገው ጻፉ። እኔማ ሰማይ ነካሁ። ከዚያ ዳኛው ቀና ብለው እማማን ጠየቁ፤ «ተከሳሹ የጠጡት ነገር የሚያሰክር መሆኑን ያውቁ ነበር?»

እማማ ደንበኛዬን አዩ። ደንበኛዬ መሬት መሬት ያያሉ። «አያውቅም» አሉ እማማ። አንዲት ቃል።

ሳያውቅ የሰከረ ሰው እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም፤ ሕጉ እንዲያ ነው፤ እኔም ክርክሬን የሰቀልኩት በዚያ ላይ ነበር። ሰውየው ነፃ ወጡ። ግቢው ውስጥ ሰው እያቀፈኝ፣ «ማሻአላህ፣ ምን ዓይነት አፍ ነው!» እያለኝ ስንፈላሰስ፣ አንዲት በክራንች የቆመች ሴት መንገዴን ዘጋችው። ብርቱካን ሻጯ ናት።

«እሳቸው አይደሉም አላችሁ» አለችኝ። «እሺ፣ እግሬን ታዲያ ማን ሰበረው?»

«በፍትሐ ብሔር መጠየቅ ትችያለሽ» ብያት አለፍኩ። እንዲህ ነው ያልኳት። ወይኔ!

ወራት አለፉ። ደንበኛዬ ወደ መሪያቸው ተመለሱ፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ቆርቆሯቸውን አውጥተው ቅርንፉድ ይሰጡኛል። የእማማ ወሬ ግን ጥሩ አልነበረም። የዳሱ ሰዎች ሐራም ጠጣን ብለው ተጸጽተው ተውበት ገብተዋል። የሌላዋ ልጃቸው ሕፃን ክርስትና ሲነሳ እንደ ወጉ ለእስላሙ ለብቻ አሳርደው፣ ዳስ ጥለው፣ ቀሪቦ ጠምቀው ጠበቁ፤ አንድ ሰው አልመጣም። በክፋት አይደለም፤ ፈርተው ነው። ቀሪቦውን ማታውን ደጃቸው ላይ ደፉት አሉ። ይህን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ፤ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ስኳርና ቡና ይዤ ላጽናናቸው ሄድኩ።

ብቻቸውን ቁጭ ብለው ነበር። ከስተዋል። ማጽናናት የማልችልበት ነገር ነውና አፌ እንዳመጣልኝ ቀባጠርኩ።

«አይዞዎት እማማ። ማንም ላይ የሚደርስ ነው። ያው ጨርቅ ነው፣ ይወድቃል።»

ፊታቸው ደም መሰለ። «ምን አልክ?»

«ያው... ጨርቁ...»

«እኔ ነኝ ጨርቅ የሚወድቅብኝ?» ብለው ተነሱ። «ስማ አንተ ልጅ! ያን ቀን እዚያ ዳስ የተቀመጠ ሁሉ የጠጣው ንጹሕ ቀሪቦ ነው! አንዲት ጠብታ ጠላ አልነካቸውም! እነሱ ይራቁኝ፤ አንተ ግን እዚህ ቤቴ መጥተህ እንደ ዝርክርክ ሴት አታጽናናኝ!»

ግራ ገባኝ። «ታዲያ አባባ የሰከሩት በምንድን ነው?»

«እሱ መቼ ዳስ ገባ? እዚህ ነበር» አሉና የጓዳቸውን መጋረጃ ገለጥ አደረጉት። አንድ መቀመጫ ዱካ። አንድ ጠርሙስ አረቄ። አንዲት መለኪያ፣ ከሥሯ ገና ያልደረቀች።

ሱብሃነላህ! መሬቱ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ለካ «ቀሪቦ ቀርቦ ነበር» እንጂ «ጠጣሁ» አላሉኝም። ሌላ ሰው እንዲህ ቢለኝ አንጠልጥዬ እይዘው ነበር። ከፊተኛው ሶፍ የማያቸውን ሰው ግን እንዴት ልጠርጥር? በዕድሜው ጠላ ቀምሶ የማያውቅ ሰው! ያ ሁሉ ሳቅ በጆሮዬ ተመለሰ።

«ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ነው» አሉ እማማ፣ ድምፃቸው ወርዶ። «ነፍሷን ይማርና እንደ እህቴ ነበረች። በየጠጅ ቤቱ ወድቆ ሰው ከሚስቅበት ብዬ እዚህ የጋረድኩት እኔ ነኝ። ሽታው እንዳይታወቅበት ቅርንፉዱን የምገዛለትም እኔ ነኝ።»

ቅርንፉዱን! ኪሴ ውስጥ እጄን ብሰድ ጠዋት የሰጡኝ ሁለት ፍሬ አለ። እንደ ፍም ፈጀኝ።

«ወንጌል ይዘው ማሉ እኮ፣ እማማ!»

«ማልኩ። የቀዳሁለትም እኔ፣ የማልኩለትም እኔ። እሱን ከፈጣሪዬ ጋር እነጋገርበታለሁ» አሉ። «አንተ ግን ምነው አፍህን ከፈትክ? መንገዱን ያሳየኸኝ አንተ አይደለህም? እኔማ ተሳስቼ አላውቅም ብዬህ ነበር።»

«አሁንስ ትተዋል?» አልኩ።

«ይባስ እንጂ! ‹ፍርድ ቤት እንኳ አላገኘብኝም› ይለኛል። እምቢ ስለው ሌላ ቤት እሄዳለሁ ብሎ ያስፈራራኛል። አሁን አንተ ከመምጣትህ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው ‹ተራዬ ደርሷል› ብሎ የወጣው።»

መለኪያዋን ደግሜ አየኋት። ተነስቼ ሮጥኩ።

ባጃጅ ይዤ ወደ መናኸሪያው በረርኩ። ስልኬን አወጣሁ፤ መለስኩት። ትራፊክ ፖሊስ ብጠራ ያስነፏቸዋል፣ ይያዛሉ፤ ያኔ የድሮው መዝገብ ይነሳል፣ በሐሰት የመሰከሩት እናት በስተርጅና እስር ቤት ይገባሉ። የደንበኛዬም ምስጢር ነው፤ እኔ ላወጣው አልችልም። ዝም ብል ደግሞ አንድ መኪና ሙሉ ሰው ሐረጎን ቁልቁል ሊወርድ ነው። «ፍጠን! ፍጠን በናትህ!» እላለሁ። ባለባጃጁ «ሰው ሞቶብሃል እንዴ?» አለኝ። «ገና ነው» አልኩት።

ደረስኩ። ተራ አስከባሪው «ኮምቦልቻ! የሞላ!» እያለ የሚኒባሷን ጎን ይደበድባል፤ ሞተሩ ተነስቷል። ጋቢና ውስጥ ሕፃን ያቀፈች ሴት ከአባባ አጠገብ ተቀምጣለች። በመስኮት እጄን ሰድጄ ቁልፉን ነቀልኩት። ሞተሩ ጸጥ አለ። መጀመሪያ ቅርንፉዱ ሸተተኝ፤ ከሥሩ ሌላው። ያን ሁሉ ጊዜ አጠገባቸው ቆሜ እንዴት አልሸተተኝም?

«ይውረዱ፣ አባባ» አልኩ።

መኪናው በጩኸት ተናወጠ። «ምን ዓይነት ስድ ነው!» «አባትህ የሚሆኑ ሰው ላይ?» «አበደ እንዴ?» አንዱ ጎረምሳ ወርዶ ኮሌታዬን ጨመደደው። «ምን አድርገውህ ነው? ተናገር!» ይለኛል። ሌላው ለየኝና፣ «ይሄ ያ ጠበቃቸው አይደለም? ነፃ ያወጣቸው? ምን ነካው?» አለ። «ተናገራ!» አሉኝ ሁሉም። ያ ዳኛ ያሳቀ አፌ ደረቀ። አንዲት ቃል ብናገር የማን ቤት እንደሚፈርስ አውቃለሁና ቁልፉን ጨብጬ ዝም አልኩ። ጎረምሳው በጥፊ አጮለኝ።

ሽማግሌው ቁልፉን አዩ። እኔን አዩ። ከየት እንደመጣሁ ገባቸው መሰለኝ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። በሩን ከፍተው ሲወርዱ እግራቸው ደረጃውን ሳተ፤ ሰው ሁሉ እርጅና መስሎት ሊደግፋቸው ተሯሯጠ። እጃቸውን ዘርግተው ጎረምሳውን ከኮሌታዬ ላይ አላቀቁት።

«ተዉት» አሉ። «ጠበቃዬ ነው።»