በዳዴ ወደ አያቷ

ዩቻን ከአውቶቡሱ ስትወርድ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። የተቀበልኳት እኔ ብቻ ነኝ፤ ጎረቤቷ አሮጊቷ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከሟች አያቷ ጎን ቁጭ ብዬ ከባሕር ዛጎል ሥጋ ስፈለፍል የኖርኩ።

"እትዬ ሺያ፣ አባባ ያባርረኛል?" አለችኝ።

"እኔ ምን አውቄ! የባለጀልባውን ልጅ ጥለሽ በሠርግሽ ዋዜማ የጠፋሽው አንቺ፤ ደጄን እንዳትረግጪ ያለሽ እሱ።" ወዲያው አሳዘነችኝ። "ነይ በይ። አያትሽን ሳትሰናበቺማ አትቀሪም።"

በእኛ በታይዋን የባሕር ዳር መንደር፣ ዘመዷ ሲሞት አጠገቡ ያልነበረች ሴት በእግሯ አትገባም። ከደጃፉ ጀምራ እያለቀሰች እስከ ሬሳ ሣጥኑ ትድሃለች፤ የቤቱ ታላቅ እስኪያነሳት ድረስም እዚያው ትጠብቃለች። ጎረቤት ሊያነሳት አይችልም። ታላቁ ደግሞ አባቷ ታይሾንግ ነው፤ እልኸኛ፣ ይቅርታ የሚባል ቃል ካፉ ወጥቶ የማያውቅ።

የሐዘን ልብስም የሚሰፋው ታላቁ ስሙን ለጠራው ሰው ብቻ ነው። ሰፊዋ ካመጣችው ግን ፊት የሚሸፍን አንድ የቃጫ ቆብ ተርፎ ነበር። ተሳስታ ይሆናል ብዬ ደብቄው ነበር፤ ደጃፉ ላይ አውጥቼ ዩቻን ራስ ላይ ደፋሁት።

"ሰርቀሽ ነው? ቢያየኝ እኮ ይነጥቀኛል!" አለች ልታወልቀው እየታገለች።

"ዝም ብለሽ ዳሂ!"

ዳኸች። ከቆቡ ሥር የሚታያት መሬቱና የሰው እግር ብቻ ነበር። የዛጎል ስብርባሪ ጉልበቷን ቆረጣት። ማልቀስ ነበረባት፤ ከፍርሃቷ የተነሳ ግን ታቃስታለች ብቻ። እኔም ፈርቼ አጥሩን ያዝኩ።

ሣጥኑ ጋ ደርሳ ግንባሯን መሬት ላይ ደፋች። ማንም አላነሳትም። ታይሾንግ ጀርባውን ሰጥቶ ለሟቿ በወዲያኛው ዓለም ገንዘብ ይሆናታል የሚባለውን ወረቀት ያቃጥላል።

"ኧረ ወንድም ጋሼ፣ ሰው እያየን ነው" አለው ታናሽ ወንድሙ።

"ይዩ!"

ትንሽ ቆይቶ ሰማያዊ የፕላስቲክ ጫማዎች ፊቷ መጥተው ቆሙ። ዩቻን ዱላ እንደሚጠብቅ ሰው ትከሻዋን ሰበሰበች። ሁለት ሸካራ እጆች ብብቷ ሥር ገብተው አነሷት። አባቷ የቆቡን ጠርዝ ይዞ ግራና ቀኝ ሳብ ሳብ አደረገው።

"ልክሽን በግምት ነው ለሰፊዋ የነገርኳት" አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። "ጠበበሽ እንዴ?"